ባዶው ወንበር ላይ የተቀመጠው

መኪና ያለው ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ መርዶ ነጋሪ ኤሌክትሪሺያን ያጋጥመዋል። የሐዋሳው ክቡር ጋሽ ሸዋንግዛው ይባሉ ነበር። እሳቸው ዘንድ አምፖል ልታስቀይር ሄደህ ስለ ኑዛዜ እያሰብክ ትመለሳለህ። "እኔ ልንገርህ፣ ይሄ ይገላል" ሳይሉ ኮፈን አይከፍቱም። ራሳቸው መኪና አይነዱም፣ የሰው መኪና ላይም ከፊት አይቀመጡም፤ ባጃጅ ሲያልፍ እንኳ ግድግዳ ይጠጋሉ።

ታቢታ በ2002 ዓ.ም. የሐዋሳው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወዳለው ጋራዣቸው መኪናዋን ይዛ የሄደችው ጨንቋት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን ስትነዳ ከጎኗ ያለው ባዶ ወንበር፣ ሰው ተቀምጦበት ቀበቶ እንዳላሰረ ሁሉ ይጮህባታል። የኤርባጉ ቀይ መብራትም አልጠፋ አለ። ጌታን የምታምን ሴት ናት፤ ቢሆንም ዞር ብላ ወንበሩን ማየት ፈራች። ቅዳሜ ደግሞ እናቷን ለዓይን ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ልትወስድ ነው፤ እናቷ ከኋላ ከተቀመጡ ያስመልሳቸዋል።

የእናቷን ጉዞ ነግራቸው፣ "ሌላ ባለሙያ የመብራቱን ሽቦ ልቁረጠው አለኝ" አለቻቸው።

"እኔ ልንገርሽ፣ ይሄ ይገላል! ወንበሩ ውስጥ ሰው መቀመጡን የሚለይ ነገር አለ። እሱ ከተሳሳተ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ተነፍቶ እናትሽን ላያድን ይችላል።"

ታቢታ ቁልፉን አስረከበቻቸው።

ባትሪውን ፈቱ። ኤርባጉ እጃቸው ላይ እንዳይፈነዳ እሷንም ይዘው ለአሥር ደቂቃ ከመኪናው ርቀው ቆሙ። ከዚያ ወንበሩ ሥር ገቡና አሸተቱ።

"ዓሣ ትጭኛለሽ?"

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ስትመለስ ሁልጊዜ ዓሣውን እዚያ ወንበር ላይ ነው የምታስቀምጠው። ወንበሩ እንዳያረጅባት ብላ የፋብሪካውን ፕላስቲክ አላነሳችለትም፤ የዓሣው ውሃ በስፌቱ ገብቶ፣ መድረቂያ አጥቶ፣ የሽቦውን ሶኬት አረንጓዴ ዝገት አልብሶታል።

ጋሽ ሸዋንግዛው ሶኬቱን ቀይረው፣ ባትሪውን መልሰው በቴስተር ለኩ። ቀዩ መብራት ጠፋ፣ ጩኸቱም ቆመ።

"ሰው ሲቀመጥበትስ?" አለች ታቢታ። "እናቴን ላምጣ?"

ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሳይሞከር እናትሽ አይቀመጡበትም" አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸው ገቡ። ወንበሩ ጮኸ። ቀበቶውን ሲያስሩ ዝም አለ።

ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ቱላ ይዛቸው ነዳች። "ቀስ በይ፣ ይሄ ይገላል!" ይላሉ፤ እሷ ግን በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ነበር የምትሄደው። ጨምድደው የያዙትን የበሩን እጀታ እስኪመለሱ ድረስ አልለቀቁም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ቀበቷቸውን እያሰሩ፣ "የሠራልሽ ሰውዬ ጎበዝ ነው?" ብለው ጠየቋት።

"በሐዋሳ እንደሳቸው ያለ ፈሪ የለም፣ እማዬ። አትስጊ።"