በወንዶች በር የተለካ ሰሜን

ህሩይ፦ አያይም አልኩህ እኮ፣ አያ አላምረው። ሰሃን ነው። ዓይን የለውም።

አላምረው፦ ታዲያ ቅድም «ማዶ ካለው ሰሃን ጋር ፊት ለፊት ካልተያየ አይሠራም» ያሉኝ ማን ነበሩ?

ህሩይ፦ እሱ አነጋገር ነው።

አላምረው፦ የኔም አነጋገር ነው። ጉም ውስጥ ቆሞ ምኑን ያያል ብዬ ነው።

(ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ፣ የስልክ ታወር ሥር ናቸው። ህሩይ መሰላል ላይ ወጥቶ የሰፌድ ያህል የሚሰፋ ነጭ ሰሃን አቅፏል። የጎንደር፣ የቁስቋም ልጅ ነው፤ ኢንጅነር ነው፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ነው። አላምረው የታወሩ ጥበቃ ነው፤ ከታች ቆሞ መሰላሉን ይዟል። ነፋስ ሰሃኑን አዙሮት አገሩ ከስልክ ከተለያየ አራት ቀን ሆነው። ህሩይ «ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም» ብሎ ከመጣ ደግሞ ይኸው ሁለተኛ ቀኑ። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ጉሙም ሰውን ከሰው አያሳይም።)

አላምረው፦ ግን ያንን ሞገድ የሚሉትን ጉሙ አያግደውም?

ህሩይ፦ አያግደውም። ጉሙን ከቁጥር ሳያስገባው ነው የሚያልፈው። እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መታጠፍ የለ፣ መዞር የለ። ከዚህ ይነሣና በሰሜን በኩል ማዶ ያለው ታወር ላይ ያርፋል፤ ያኛው ለቀጣዩ ያቀብላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ጎንደር ይገባል። እናንተ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ስትጣሩ እንደምታደርጉት በለው።

አላምረው፦ ሸጋ። እኛ ግን ስንጣራ ወደ ሰውየው ዞረን ነው።

ህሩይ፦ እኔስ ወዴት ዞሬ ነው?

አላምረው፦ እንጃ። እርስዎ ያውቃሉ።

ህሩይ፦ አውቃለሁ።

አላምረው፦ እንግዲያ ጉሙ ሰሃኑን ካላስቸገረው፣ ሁለት ቀን ያስቸገረው ማንን ነው?

ህሩይ፦ ሁለት ቀን የፈጀው ሥራው ረቂቅ ስለሆነ ነው። ሞገዱ ቀጭን ነው። እዚህ አንዲት ጣት ብታዛባው እዚያ ማዶ ሲደርስ ኮረብታ ሙሉ ይስታል። ስለዚህ ቅንጣት በቅንጣት እያዞርኩ ነው የምፈልገው። ይኼ መለኪያ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይጮኻል።

አላምረው፦ ጮኾ ያውቃል?

ህሩይ፦ ትናንት አንዴ ጮኾ ነበር።

አላምረው፦ እሱ ባትሪው ሲያልቅ ነው ብለውኝ አልነበር?

(ህሩይ አልሰማም። ማለት፣ ሰምቷል፤ ግን የሚያውቅ ሰው ያልጠቀመውን ነገር አይሰማም።)

አላምረው፦ ኢንጅነር፣ ያች ማታ ማታ ቀይ የምታበራው...

ህሩይ፦ ስለካ አታናግረኝ፣ አያ አላምረው።

አላምረው፦ እሽ። (ትንሽ ቆይቶ) ምነው ሰዓትዎን እንዲህ ቶሎ ቶሎ ያዩታል?

ህሩይ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ይደወልልኛል።

አላምረው፦ በየትኛው ስልክ?

ህሩይ፦ በዚሁ በኪሴ ባለው።

አላምረው፦ በየትኛው ኔትወርክ?

ህሩይ፦ አሁን በምሠራው።

(አላምረው ወደ ሰሃኑ ቀና ብሎ አየ። ህሩይም ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ለራሱ አዘነ፤ አዝኖም ተነፈሰ።)

ህሩይ፦ እውነቱን ልንገርህ። በዚች ሰዓት ሦስት ሽማግሌዎቼ ቁስቋም፣ መሪጌታ ዕንባቆም ቤት ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ማርያማዊትን ለእኔ ሊጠይቁ ነው።

አላምረው፦ በጾም?

ህሩይ፦ መጠየቅ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም። ወደዚህ ልነሣ ስል መሪጌታ «ሽማግሌ ልኮ እሱ ጃናሞራ ተራራ ላይ ይደበቃል እንዴ? ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከራሱ አፍ ካልሰማሁ እምቢ ብያለሁ» አሉ። እሑድ ደግሞ ሌላ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ፒያሳ ባንክ ቤት የሚሠራ።

አላምረው፦ የሱ ስልክ ይሠራል?

ህሩይ፦ ይሠራል።

አላምረው፦ አይይ።

ህሩይ፦ ምን አይይ ትላለህ? ገና አንድ ሰዓት ከሩብ አለኝ።

አላምረው፦ አይ፣ እንዲያው ለእርስዎ አስቤ ነው። ሰሜኑን ግን በምን አወቁት? ፀሐይ እንደሁ ከመጡ ወዲህ አልታየች።

ህሩይ፦ (ደስ ብሎት) ይኼን ነው መጠየቅ። ስልኬ ላይ ኮምፓስ አለ፤ ግን ታወሩ ብረት ስለሆነ አጠገቡ ሲደርስ እንደ ሰካራም ይዞራል። ሌላ ኢንጅነር ቢሆን እዚህ ላይ ሥራውን ጥሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ትናንት በዚህ ሰዓት ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ሲል ወደ ታች ቤተ ክርስቲያኗን አየኋት። ሕዝቡ ለቅዳሴ ይገባል። ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ በየእጁ በትር ይዟል። በትር የሚይዝ ማን ነው?

አላምረው፦ ወንድ።

ህሩይ፦ ወንድ በየት በር ይገባል?

አላምረው፦ በሰሜን። ሴት በደቡብ።

ህሩይ፦ ተባረክ። እንግዲህ ወደዚህ ወደኛ የሚያየው በር የሰሜን በር ነው። እኛ ደግሞ ከበሩ ፊት ነን። ስለዚህ ጀርባዬን ለቤተ ክርስቲያኗ ሰጥቼ ፊት ለፊት የማየው ሁሉ ሰሜን ነው። ይኼን ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩህም። እኔ ዲያቆን ስለሆንኩ ነው። የቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ለቁስቋም ልጅ አይነገርም።

አላምረው፦ (ራሱን እያከከ) ወደዚህ የሚያየው በር...

ህሩይ፦ የሰሜን።

አላምረው፦ የወንዶች።

ህሩይ፦ የወንዶች። ምን ግራ ገባህ?

(አላምረው ክርስትና የተነሣው እዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። አፉን ሊከፍት አለና ተወው። ኢንጅነር ከመኪና ወርዶ፣ በዚህ ቁር መሰላል ላይ ወጥቶ፣ በዚያ ላይ ዲያቆን ሆኖ ሲናገር፣ ጥበቃ ሆኖ እንዴት አይደለም ይባላል? በዚህ መሐል ጉሙ በታች በኩል ሳሳ አለ።)

አላምረው፦ ያችውልዎ እኅቴ። ዓይናዲስ። በአረማመዷ አውቃታለሁ፤ ግራ እግሯን ሳብ ታደርጋለች። ወደ ቅዳሴ እየገባች ነው።

ህሩይ፦ በየት በር?

አላምረው፦ በዚያው እርስዎ በለኩበት።

ህሩይ፦ በወንዶች በር?

አላምረው፦ እንግዲህ...

ህሩይ፦ እኅትህ በወንዶች በር ትገባለች?

አላምረው፦ እሷ ብቻ አይደለችም። ያችም እንኳየሁ ነች። ከኋላዋ ያለችው ለተ ማርያም ነች። ሁሉም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ህሩይ፦ በትር የያዙት?

አላምረው፦ ጥላ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጠቅልለው ይዘውት ነው።

(ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ነገሩ ይገባው ነበር። ህሩይንም ውስጡ ጠርጠር አድርጎት ነበር፤ አልዋሽም። ግን የሚያውቅ ሰው አገር ያርማል እንጂ ራሱን አያርምም።)

ህሩይ፦ አያ አላምረው፣ ይኼ ከባድ ነገር ነው። እዚህ አገር ሥርዓት ጠፍቷል። ቄሱስ ዝም ይላሉ?

አላምረው፦ ቄስ እስጢፋኖስ? አንድም ቀን ተናግረው አያውቁ።

ህሩይ፦ ወንዶቹስ በየት ይገባሉ?

አላምረው፦ በወዲያኛው። ከዚህ በማይታየው።

ህሩይ፦ በሴቶች በር።

አላምረው፦ (እየፈራ) እኔም በዚያው ነው የምገባ። አባቴም በዚያው ነበር የሚገቡ።

ህሩይ፦ አባትህም?

አላምረው፦ አያቴም። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አሁን ምን ይሻላቸዋል?

ህሩይ፦ ባለማወቅ ነው። ባለማወቅ የተሠራ ይታለፋል። አያትህ የት ተምረው ያውቁታል ብለህ ነው? እኔ ጎንደር ስመለስ ለሚመለከታቸው አባቶች እናገራለሁ።

አላምረው፦ ሸጋ። ስልኩ ከሠራ ደግሞ ይደውሉላቸው።

(ህሩይ ሰሃኑን ቅንጣት ወደ ቀኝ፣ ቅንጣት ወደ ግራ ይላል። መለኪያው ዜሮ። ቅንጣት ወደ ላይ። ዜሮ። ሰዓቱ ስምንት ከሠላሳ ሆነ። የባንኩ ሰውዬ ክራባት በዓይኑ ላይ ይመላለስበት ጀመር።)

አላምረው፦ ኢንጅነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ፣ ያች ቀይዋ መብራት...

ህሩይ፦ አሁን ደርሼባት ነበር እኮ። አናገርከኝና ጠፋች።

አላምረው፦ ይቅር በሉኝ።

(ነፋስ ተነሣ። ጉሙ ከላይ ተገለጠና ፀሐይ በሁለተኛ ቀኗ ወጣች።)

አላምረው፦ እሰይ። ፀሐይ።

ህሩይ፦ (ዓይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል) ይኸው የኔን ልክነት ልትመሰክር መጣች። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ምዕራብ ነች። እኔ ወደ ሰሜን ስለዞርኩ በግራዬ ናት።

አላምረው፦ በቀኝዎ ናት።

ህሩይ፦ በግራዬ ናት።

አላምረው፦ ቀኝ ጆሮዎን እየመታችው ነው እኮ።

(ህሩይ ግራ ጆሮውን ነካው። ቀዝቃዛ። ቀኙን ነካው። ሞቋል። እንደገና ግራውን ነካው፤ ያው ቀዝቃዛ ነው።)

ህሩይ፦ ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ... ፀሐይዋ ምሥራቅ ነች።

አላምረው፦ እሷም እንደኛው ሥርዓት አታውቅ ይሆናል። አገሩ ነው መቼም።

(ህሩይ ዓይኑን ከመለኪያው ነቀለ። ሁለት ቀን በጭንቅላቱ ውስጥ ተገለበጡ፤ በሩ ተገለበጠ፣ ሰሜን ተገለበጠ፣ ዲያቆኑ ከነኢንጅነሩ ተገለበጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።)

ህሩይ፦ አያ አላምረው።

አላምረው፦ አቤት።

ህሩይ፦ ማዶ ያለው ታወር በየት ነው?

አላምረው፦ ከኋላዎ ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ በላይ፣ ያ ጥርስ የመሰለ ድንጋይ ጎን። ያውልዎ፣ አሁን ጉሙ ለቆታል። ማታ ማታ ቀይ መብራት ታበራለች። ስድስት ዓመት እሷን እያየሁ ነው የማድር።

ህሩይ፦ ስድስት ዓመት ታውቃለህ?

አላምረው፦ ሁለቴ ልነግርዎ ጀምሬ ነበር።

ህሩይ፦ አዎ። ሁለቴ። ለምን አልጮህክብኝም?

አላምረው፦ በተማረ ሰው ላይ ይጮኻል? ደግሞ ረቂቅ ሥራ ነው አሉኝ። እኔም ጀርባ መስጠቱ ከረቂቅነቱ የተነሣ ይሆናል ብዬ።

ህሩይ፦ መፍቻውን አቀብለኝ። ቶሎ በል።

አላምረው፦ (እያቀበለ) አንዲት ጣት ብታዛባው ኮረብታ ይስታል ካሉ፣ ይኼ ታዲያ ስንት ይስታል?

ህሩይ፦ ይኼ አገር ሙሉ ነው የሳተው። ሁለት ቀን ለጎጃም ስልክ ነበር።

አላምረው፦ መልስ አልላኩም?

(ብሎኑ ሲፈታ፣ ሰሃኑ ሲዞር ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አላምረው ከታች ሆኖ በበትሩ ጫፍ ወደ ድንጋዩ ጎን ያመለክታል፤ «ወዲህ፣ ወዲህ፣ ኧረ አለፉት፣ መለስ በሉ» ይላል። መለኪያው ድንገት ጮኸ። የሰሃኑ ብሎን ገና ሳይጠብቅ በህሩይ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ሰሃኑን ቢለቀው ይዞራል። በአንድ ጣቱ ስልኩን አውጥቶ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገውና ደረት ኪሱ ከተተው።)

ዕንባቆም፦ (በስልክ) ህሩይ?

ህሩይ፦ አቤት፣ መሪጌታ።

ዕንባቆም፦ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ማርያማዊትም መጋረጃው ኋላ ቆማ ምንም አልሰማም ትላለች። ሁለት ቀን ሙሉ ምን ሆነህ ነው?

ህሩይ፦ የመሣሪያ ብልሽት ነበር፣ መሪጌታ።

አላምረው፦ መሣሪያውስ ደህና ነበር።

ዕንባቆም፦ ማን ነው እሱ?

(ህሩይ ወደ ታች አየ። አላምረው በክፋት የተናገረው አልነበረም፤ መሣሪያው ስሙ ሲነሣበት አዝኖለት ነው። ህሩይ ደግሞ ሰሃኑን አቅፎ፣ ቀኝ ጆሮው በፀሐይ ተጠብሶ፣ መዋሸት ደከመው። ማርያማዊት እየሰማች ነው፤ ይኼ ነው ከሁሉ የከፋው።)

ህሩይ፦ መሪጌታ፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ የሚገቡበትን በር የወንዶች በር ነው ብዬ ሰሜንን ከዚያ ለካሁ። ሰሃኑን ወደ ደቡብ አቆምኩት። ሴቶቹን በዓይኔ ባያቸው ጊዜም ሥርዓት የማታውቁ እናንተ ናችሁ አልኩ። ይኼን ሁሉ ሳደርግ ደግሞ ዲያቆን ነኝ እያልኩ ነው።

(በስልኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳለ። ከዚያ ሌላው ሳለ።)

ዕንባቆም፦ እነዚህ ሽማግሌዎችህ እኮ ከጠዋት ጀምረው «ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን እንደሱ የሚያውቅ ወጣት የለም» እያሉ ነው ያደከሙኝ።

ህሩይ፦ እነሱን አይቀየሟቸው። እንዲህ በሉ ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ዕንባቆም፦ ትክክለኛውን ማን አሳየህ?

ህሩይ፦ አያ አላምረው። የታወሩ ጥበቃ። ሁለት ቀን ያውቀው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስናገርኩት።

ዕንባቆም፦ አያ አላምረው፣ ይኼ ልጅ ሁለት ቀን ሲሰድብህ ዝም ብለህ ቻልከው?

አላምረው፦ አልሰደቡኝም፣ አባቴ። አያቴን ብቻ ነው።

ዕንባቆም፦ አንተ አግብተሃል?

አላምረው፦ አግብቻለሁ፣ አባቴ። አራት ልጆችም አሉኝ።

(በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።)

ዕንባቆም፦ እንግዲህ ምን ይደረጋል። ህሩይን እንቀበላለን።