ባለፋብሪካው ጎረቤቴ

ጎረቤታችሁ በአንድ ጀንበር ባለፋብሪካ ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ሰይድ ከጅዳ ተመልሶ ሐይቅ ከተማ ላይ አንዲት የበረዶ ማሽን ተከለ። ከዚያ ወዲያ «እንዴት አደርክ?» ስለው «ምርት ላይ ነን» ይለኝ ጀመር።

በምርቃቱ ቀን ሱፉን ለብሶ ፊታችን ቆመ። «ታላላቅ አገሮችን ያሳደጓቸው እንደኔ ያሉ ባለኢንዱስትሪዎች ናቸው!» ከማለቱ መብራት ጠፋ፤ ማሽኗም ቆመች። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ሰው በመብራት መጥፋት ይበገራል እንዴ?

ዓሣ ነጋዴዋ አስካለ ግን ወደ ደሴ የምትልከውን ዓሣ በሣጥን ይዛ በረዶ ትጠብቃለች። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ዓሣውን የሚወስደው ሚኒባስም ጥሩምባውን ይነፋል።

«ሰይዴ፣ አገሪቱ ትንሽ ትቆይህ! ዓሣዬ ሊበላሽብኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሰይድ ደነገጠ። «አብሽሪ!» አላትና ሱፉን አውልቆ ወረወረው። ለእኛ ለእንግዶቹ ለስላሳ ማቀዝቀዣ ያስቀመጠውን በረዶ በሁለት እጁ እየዛቀ ሣጥኗን ሞላላት። ሚኒባሱም ጭኖ በረረ። እኛም የሞቀ ለስላሳችንን እየጠጣን ስንጫወት ቆይተን ከደሴ ተደወለ፤ ዓሣው ሳይበላሽ ደርሷል። አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዛሬ የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ያለሰይድ በረዶ አይንቀሳቀሱም። እሱም አገር ማሳደጉን ጠዋት ማታ ይነግረናል። ይንገረን እንጂ! ጉራ ጆሮ ያደክም እንደሆነ እንጂ ዓሣ አያበላሽ።