ሳይጠይቁ የሚያሻግሩ

ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መንገድ መሻገር ይፈልጋል ያላቸው ማን ነው? ባለፈው እሑድ ሓድነት ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ሁለቱንም ፍሬን ይዣለሁ፤ ቁልቁለት ነዋ!

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነጠላ የለበሰ ሰውዬ «ኣጆኻ፣ አይዞህ ወንድሜ!» ብሎ ከኋላዬ ይገፋኝ ጀመር። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። «ፍሬኑን…» ስል «አትጨነቅ፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለኝ። ተነሥቼ ልሮጥ ነበር እንዴ?

መንገደኛ ጠርቶ አስቆመ። ጎማው ነው፣ ኩሽኔታው ነው ተባባሉ፤ ስለ ዝናቡ መጥፋት አወሩ፤ የእኔንም ጤና ጠየቁ። በመጨረሻ ከነወንበሬ ተሸክመው አሻገሩኝና መርቀውኝ ሄዱ። ሌላ ደግ ሰው እስኪመጣ ቤቴን ከማዶ ሆኜ ሳየው ዋልኩ።

ተናደድኩ? እንዴታ! ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ፍሬኑን ስለቀው አንድ ሰው መጥቶ በደቂቃ አሻግሮኝ ይሄዳል። ስይዘው ግን ሁለት ይሆናሉ፤ ይቆያሉም።

ዛሬም እሑድ ነው። አስፋልቱ ዳር ወጥቻለሁ፤ ፍሬኑንም ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ።