ከኑዛዜው ላይ የጠፉት ባል

ንጽሕና የሚጠላ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ሰቆጣ ድረስ አቧራ ለብሶ የመጣ ሰው እንኳ ወረቀቱን ሲያቀብለኝ «ጽድት አርገህ አንሣልኝ» ነው የሚለኝ። እኔም ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ፣ ስካን ያደረግሁትን ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ እየለወጥኩ ሳጸዳ እውላለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ማንሸራተቻ አለች፤ ወደ ቀኝ በገፋኋት ቁጥር የደበዘዘው ሁሉ ነጭ ይሆናል፣ የጠቆረው ብቻ ይቀራል። ግራጫ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እንደ አንዳንድ ዘመዶቻችን።

ታዲያ ባለፈው የገበያ ቀን ከፃግብጂ ገጠር አንዲት እናት መጡ። ከመቀነታቸው ፈትተው ያወጡት እጥፍጥፍ ያለ፣ ቅቤ የነካው ወረቀት የሟች ባላቸው ኑዛዜ ነበር፤ የእርሻ መሬታቸው ለሚስታቸው እንዲሆን በሽማግሌዎች ፊት አስጽፈው በአውራ ጣታቸው የፈረሙበት። የባላቸው ወንድሞች መሬቱን ይፈልጉታል። የመሬት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው መሥሪያ ቤት ደግሞ «ጥርት ያለ ምስል ካላመጡ አንቀበልም» ብሏቸዋል። አንጀቴን በሉት። ማንሸራተቻዋን እስከ ጥግ ገፋኋት።

ወረቀቱ ሙሽራ መሰለ። ቅቤው የለ፣ እጥፋቱ የለ፤ ፊደሉ ብቻ ቁልጭ ብሎ ቀረ። አትሜ ስሰጣቸው ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር፣ መቼም አልዋሻችሁም። እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉምና ፊደሉን ዘለው ጣታቸውን የወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ሰውየውስ የታሉ?»

«ማን፣ እናቴ?»

«እዚህ ታች ነበሩ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደብዛዛው የጣት አሻራ ከቅቤው ጋር አብሮ ጸድቷል። ያለ አሻራ ያ ኑዛዜ ማንም የሞነጨረው ወሬ ነው፤ ፊደል ቆጠርኩ ባዩ እኔ ደግሞ ልብ አላልኩም። አፈርኩ። ማንሸራተቻዋን ቀስ እያልኩ ወደ ግራ ስመልሳት መጀመሪያ እጥፋቱ መጣ፣ ቅቤው ተከተለ፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱ ብቅ አለ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አሉ።

ልቤ አላስችል ብሎኝ መሥሪያ ቤቱ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። መዝጋቢው ምስሉን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ታች ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ባለቤቴ ናቸው» አሉት።

መዝጋቢው ቀና ብሎ አያቸውና፣ ከዋናው ወረቀት ጋር አስተያይቶ መዘገበላቸው። እሳቸውም መርቀውኝ ወደ አገራቸው ገቡ። እኔ ግን ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ጽድት ያለ ወረቀት ይዘው አመስግነውኝ የሄዱትን ሰዎች በየገበያው እየፈለግኳቸው ነው።