በላስቲክ የተጠቀለለው መብራት

እናንተ ሰፈር ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን ሳያነሳ ዓመታት የሚቀመጥበት ሰው የለም? እኛ ሶዶ አለ፤ ያውም የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ሆኗል።

ብረታ ብረት ላይ የተጣበቁ ሞለኪውሎች ብርሃን ሲያርፍባቸው እንዴት እንደሚለወጡ የሚታይበት ትልቅ መብራት አለን። አለን ልበል? ከመጣ ጀምሮ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። እኔ ኬሚስትሪ የማስተምረው ብርሃኑን በጠመኔ እየሳልኩ ነው። ጠመኔ ያበራል እንዴ?

ከገሱባ የመጣችው ተማሪዬ አስቴር ለመመረቂያ ሥራዋ መብራቱን እንዲያበራላት ኃላፊውን ስትለምን ሴሚስተሩ አለቀ። መልሱ ያው ነው፤ «ይቃጠላል!» በምግብ የሚሰስት ሰው አይቻለሁ፤ በብርሃን የሚሰስት ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

እንግዶች የመጡ ቀን ላስቲኩ ተነሳ፤ መብራቱ በራ። ኃላፊያችን ከእንግዶቹ ጋር አጠገቡ ቆሞ ፎቶ መነሳት ጀመረ። ይሄኔ አስቴር ሰማያዊ ቀለም የቀባችውን የመዳብ ቁራጭ ቀስ ብላ መብራቱ ሥር አስገባች። ደግነቱ ኃላፊያችን ፎቶ አይጠግብም። ቀለሙ ዓይናችን እያየ ነጣ! ዓመታት ያስተማርኩትን ነገር ያን ቀን ገና አየሁት።

እንግዶቹ እንደወጡ ሰውዬው ጮኸባት።

«አንቺ! ብርሃኑን እኮ ጨረሽው!»

«ቲቸር፣ ለፎቶው በርቶ ነበር እኮ።»

«ፎቶ ሌላ ነው!»

መብራቱ ወደ ላስቲኩ ተመለሰ፤ አስቴር ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ፎቶው ደግሞ ተለቅ ተደርጎ በሩ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ተማሪዎቻችን በተግባር ሲማሩ» ይላል። ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ። አስቴርን ከፎቶው ቆርጠው አውጥተዋታል፤ መዳቡን የያዘ ጣቷ ብቻ ጠርዙ ላይ ቀርቷል።