ሁሉም «ግድግዳ አንድ» ሲባል

የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች አራት ነን፦ ሆሳዕና ከተማ የቤት ፕላን የሚሠራው ልጄ ታምራት፣ እዚያው አቅራቢያ ጃጁራ ከተማ ቤት ያሠሩት ነጋዴ አቶ ኤርጃቦ፣ ግንበኛው ላምቦሬ፣ እኔም ሥራውን ከቤቴ ሆኜ የማዝዘው አባትየው።

አንባቢ ሆይ፣ ስም ማውጣት የሚሰለቸው ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔ ወልጄዋለሁ። ታምራት ኮምፒውተሩ ላይ የአቶ ኤርጃቦን አጥርም የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳም «ግድግዳ አንድ» ብሎ መዘገበ። ፕሮግራሙ ደግሞ ታዛዥ ነው፤ የአንድ ስም ውፍረት ሲለወጥ በዚያ ስም የተጠራው ግድግዳ ሁሉ አብሮ ይለወጣል።

«አጥሩን ወፈር አድርገውና ቶሎ አትመህ ስጥ» አልኩት። አጥሩ ወፈረ፤ ሳናየው የመኝታ ቤቱም ግድግዳ እንደ እስር ቤት ወፍሮ ክፍሉ ጠበበ። ላምቦሬ እንደ ወረቀቱ ገነባ።

አቶ ኤርጃቦ አልጋቸውን ሊያስገቡ ቢሉ አልገባም አለ።

«የታምራት አባት፣ እኔ ውስጥ ተኝቼ እግሬ በረንዳ ይደር?» አሉኝ።

«አንተስ እንዴት አልጠየቅህም?» ብዬ ላምቦሬ ላይ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?»

ልጄን ልቆጣ ስል ያጣደፍኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቆረጥኩ፦ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ከእንግዲህም እያንዳንዱ ግድግዳ የራሱ ስም ሳይወጣለት ከቤቴ አንድም ፕላን አይወጣም። ማፍረሻውንና እንደገና መገንቢያውን አቶ ኤርጃቦ ሳይቀሩ ሁላችንም አዋጣን፤ አንድ ስም ለመጻፍ የሰነፈች ጣት በድምሩ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር አስከፈለችን።