ፀረ እንግዳው

እንግዳ የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ፊቱ ሲመጣ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን፣ ለልጆቻችን የሰሰትነውን ሁሉ እናቀርብለታለን። በሁለተኛው ፊቱ ሲመጣ ውሻው ይጮኻል፣ እኛም በበሩ ቀዳዳ አጮልቀን «ማነው?» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዳንዴ ሰውየውም አንድ ነው። ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ወሎ ሰፈር አጠገብ አንድ ሕንፃ በር ላይ በዘበኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። በር ብዙ ያስተምራል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው ግን ዝም ማለትን ነው። ዘበኛ ያየውን ሁሉ ቢያወራ ኖሮ ቦሌ ውስጥ ስንት ትዳር ይተርፍ ነበር?

እኔም ዝም ማለት እችልበታለሁ። በአንድ ነገር ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ልጄ ማስተዋል ከእኔም፣ ከባለቤቴ ከየሺም አልተወለደችም።

ያኔ የምንኖረው ላምበረት ነበር። ጓሯችን ካለችው ክፍል አንዲት ወጣት ሴት ተከራይታ ነበር፤ ዘመድ የላትም፣ ያስረገዛትም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ወለደች። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ይዟት ሞተች። እኛ ደግሞ አሥር ዓመት ስለት ስንሳል የከረምን ባልና ሚስት ነን። የሺ ሕፃኗን አቀፈቻት፤ ከዚያ ወዲያ መሬት አላስነካቻትም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ፣ «አባት ማነው?» ቢሉ «እኔ» አልኩ። ያቺ «እኔ» እውነት ትሁን ውሸት እስካሁን አለየሁም። ጎረቤት አፉን ሳይከፍት ቤቱን ለቀን ሾላ ገበያ አካባቢ ገባን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኛም ባዳ ሆኖ ይኑር ብለን ሰፈር ቀየርን።

እንዲህ ስንኖር ማስተዋል ተምራ ተምራ ለሁለተኛ ዲግሪ ደረሰች። የምታጠናው ስለ ወባ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ፊቷ በርቶ፣ «አባባ፣ ያዘዝኩት ፀረ እንግዳ አካል ትናንት ቦሌ አየር ማረፊያ ገባልኝ!» አለች።

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ቤቱ ውስጥ እንግዳ ደብቆ የሚኖር ሰው፣ ከባሕር ማዶ በበረዶ ታሽጎ «ፀረ እንግዳ» የሚባል ነገር መጣ ሲሉት ምን ይሰማዋል? ስሙን ያወጣለት ምሁር ክፉ ሰው ነው አልልም። ግን እኔን አላማከረኝም።

የሺ ውሃ አቀረበችልኝ። «ምንድነው ደግሞ እሱ?» አልኩ እንደ ምንም።

«አንቲቦዲ ነው አባባ። ምን መሰልዎት፣ በደማችን ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ቅንጣት ስስ ቆዳ አላት፤ እንደ ግቢ አጥር ያዙት። አጥሩ ላይ ደግሞ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ። አንደኛው ለአንዲት የወባ ዓይነት በር ሆኖ ያስገባታል። አንዳንድ ሰው በሩ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። በዓይን አይታይም። ይሄ አንቲቦዲ ግን ያንን በር ብቻ ነው የሚያውቀው። ደሙ ላይ ሲያደርጉት በሩን ፈልጎ ይለጠፍበታል፤ ቀለም ስለተሸከመ በማሽን ሲታይ ቦግ ይላል።»

«እንግዳ ሰው አይፈልግም?»

«ኧረ አባባ!» ብላ ሳቀች። «አንድ አድራሻ ብቻ የሚያውቅ ነገር ነው።»

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ የሚያውቅ ፍጥረት ካለ ይባረክ ብዬ ወደ ምሳዬ ልመለስ ስል፣ ባልጠይቀው ይሻለኝ የነበረውን ጠየቅሁ። «በሩን ሰው ከየት ያመጣዋል?»

«ከእናትና ከአባቱ ይወርሰዋላ። እኔ እንዳለኝ ዛሬ በራሴ ደም አይቻለሁ። አሁን የእናንተን ልሞክር፤ ከሁለት አንዳችሁ የግድ አላችሁ። ነገ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ።»

«እኔ ደም አልሰጥም» አልኩ።

«እማዬ ስሚልኝ! ስንት ሌባ ያባረረ ሰውዬ መርፌ ፈራ!»

መርፌ ነው የፈራው ይበሉኝ ብዬ አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ሄድን። ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ወረቀት አነበበችልኝ፤ በፈቃዴ መሆኑን፣ ባሰኘኝም ጊዜ ልተው እንደምችል ይላል። ያን ጊዜውኑ ልተወው አሰኝቶኝ ነበር። ለምን ብትለኝስ? አውራ ጣቴን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ቀለሙ ሦስት ቀን አለቀቀም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የሺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አትርበትበት። ደም እኮ አፍ የለውም» አለችኝ።

«አፍ ገዝታለታለች» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አታንሱብኝ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ማስተዋል ዝም ካለች «አወቀች» እላለሁ፤ ከሳቀች «አውቃ ነው የምትስቀው» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅጥሩ ሥር ቆምኩና የምለምነው ጠፋኝ። ልጁ ሥራዋ እንዳይሳካላት የሚጸልይ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጸለይኩ። ፈጣሪም የሰማኝ መሰለ፤ እንዴት እንደሰማኝ ግን ስሙ።

በሳምንቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስተዋል ዓይኗ ቀልቶ መጣች። የሺ ለእራት ወጥ ጥዳ ታማስላለች።

«ተበላሽቷል!» አለች ቦርሳዋን ወርውራ። «በእኔ ደም ላይ ያበራል፤ በእናንተ በሁለታችሁም ላይ ጭልም! ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሁለታችሁም በሩ ከሌላችሁ እኔ ከየት አመጣሁት? ከሰማይ? ሙቀት መትቶታል፤ ያሻው ላይ እየተለጠፈ፣ ያሻውን እየዘለለ ነው የሚዋሸኝ። መብራት የጠፋ ዕለት ያ የጀነሬተሩ ጠባቂ ታደሰ በጊዜ አላስነሳውም። እሱ ‘ወዲያው አስነስቻለሁ’ ብሎ ይምላል። ለኃላፊው ተናግሬያለሁ፣ ማስጠንቀቂያ ሊጽፉበት ነው። አንቲቦዲውንም ዛሬ ይጥሉታል። ሌላ እስኪመጣ ዓመቱ አለቀ፤ እኔም አለቀልኝ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ። ግን ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ በረዶውን ጠረጠረች፣ መብራቱን ጠረጠረች፣ ታደሰን ጠረጠረች። እኛን መጠርጠር በሐሳቧ አልዞረም። ማሽን አሳይቷት፣ ሦስት ጊዜ ደግማው፣ ከእኛ ይልቅ ማሽኑ ነው የዋሸው አለች። ሰው እንዲህ ሲያምነው ደስ ሊለው ይገባል። እኔን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሺ ከጀርባዋ ሆና በዓይኗ «ዝም በል» አለችኝ። ዝም ማለት ደግሞ ሥራዬ ነው። ዝም ብል አንድ ብልቃጥ ይጣላል፣ እኔ አባት ሆኜ እቀጥላለሁ። ግን ታደሰን ደም የሰጠን ዕለት አይቼዋለሁ። ከጀነሬተሩ አጠገብ ባለች ቆርቆሮ ቤት በር ላይ ተቀምጦ፣ ሳልፍ ብድግ ብሎ ጎንበስ ብሎልኛል። ያላጠፋው ጥፋት በደብዳቤ ሊጻፍበት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ዝምታ ነው። እኔም በር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ተቀብዬ አውቃለሁ። ማንበብ ባልችልም ክብደቱን አውቀዋለሁ።

ወጣሁ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ተመልሼ ገባሁ።

«መድኃኒቱ አልዋሸም» አልኩ።

«ምን?»

«አልተበላሸም። ታደሰም አላጠፋም።»

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ በምን አወቁ?»

«በሩን ከእኛ አልወረስሽውም።»

የየሺ ማማሰያ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማስተዋል እኔን አየች፣ የሺን አየች፣ ደግማ እኔን አየች። ለቅሶዋን ጠበቅሁ። «አንተ ማነህ?» እስክትለኝ ጠበቅሁ። የልጅቱ ከንፈር ግን ይንቀሳቀሳል፤ የምታሰላው ነገር አለ።

«ቆይ... እኔ ፖዘቲቭ... እናንተ ሁለታችሁም ኔጋቲቭ...» ዓይኗ ፈጠጠ። «ታዲያ ይሠራል ማለት ነዋ! ሊጥሉት ነው እኮ!» ቦርሳዋን አንስታ ሮጠች። የግቢው በር ጓ! ብሎ ተዘጋ።

ሃያ ሰባት ዓመት እንደ ፍም በጉያዬ የያዝኩትን ነገር አውጥቼ ብሰጣት፣ እዚያው ወለሉ ላይ ጥላልኝ ወደ ማቀዝቀዣዋ ሄደች።

«ገደልከኝ» አለች የሺ። ሌላ አላለችም። ተቀመጥን። ልጅቱ እየሮጠች ስለሆነ ገና አልገባትም፤ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ ይገባታል፤ ከዚያ አትመለስም፤ ይህን ሁሉ አሰብኩ። የሺም ይህንኑ እንደምታስብ ከነጠላዋ አያያዝ ታውቆኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ከማዶ የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ይሰማል።

«አባባ፣ ደረስኩበት፤ አልተጣለም። አቶ ታደሰንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የኃላፊውም ደብዳቤ ቀርቷል።» ቀጥሎ ድምፅዋ ቀጠነ። «ስሟ ማን ነበር?»

«አስካል» አልኩ። ይህ ስም እኛ ቤት ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም ነበር።

«ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ምን ልበል? እኔ ወሬ አልችልም። መልኳን ለመግለጽ ቃል አጣሁ፤ ደግነቷን ልናገር ብል የት እጀምራለሁ? አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወጥ ላይ ጨው ታበዛ ነበር» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ግን እየተንቀጠቀጠ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ እኔም አልቻልኩም፣ ስልኩን ለየሺ ሰጠኋት። «በፍጹም እንዳትነግራት» ብላ ያስማለችኝ የሺ ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች፤ ስለ አስካል ጠጉር፣ ስለ አስካል ሳቅ፣ ስለ አስካል የመጨረሻ ቀን ስታወራ ስታወራ ወጡን ረሳችው። እኔም ሽታው እየመጣልኝ «የሺ» ብዬ ላቋርጣት አልደፈርኩም።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ማስተዋል ገባች፤ ዓይኗ አብጧል። ማናችንንም ሳታይ እጇን ታጥባ መጥታ ከወትሮው ቦታዋ ተቀመጠች። ያረረውን ወጥ ቀርበን መብላት ጀመርን። እኔ ቀና ብዬ ለማየት ፈርቻለሁ፤ የሺም እንጀራውን ትነካካለች እንጂ አትጎርስም። ማስተዋል ሁለት ጊዜ ጎረሰች። ሦስተኛውን አንስታ ቆም አለች።

«እማዬ» አለች፣ «ጨው ጎድሎታል።»